የዓባይ ጩኸትና የሚግ ጩኸት

ጢስ ዓባይ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝና ጩኸት ብርቄ አይደለም። ክረምት ላይ ፏፏቴው ሲሞላ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወረወረው ውኃ አጠገብ የቆመውን ሰው ቃል ይውጠዋል። እንግዳ «እንዴት እንቅልፍ ይወስዳችኋል?» ይለናል። እኛ ግን ዓባይን የምንሰማው ድምፁ ሲቀንስ ነው። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀምሮ ውኃው ወደ ተርባይኑ ሲዞር፣ እናቴ «ጆሮዬ ጭር አለብኝ» ብላ ስታማርር ከረመች።

በ1975 ዓ.ም. መምህር ሆኜ የተመደብኩት ቢሾፍቱ ነው፤ ያኔ ደብረ ዘይት ትባል ነበር። አየር ኃይላችን ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ካሠለጠኑበት ዘመን አንሥቶ፣ መኖሪያው እዚያው ነው። ሴበርና ኤፍ 5 የተባሉት ተዋጊ ጄቶች ከዚያ ተነሥተዋል፤ እኔ ስደርስ ተራው የሚግ 21 እና የሚግ 23 ነበር። ሱ 27 የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። «ውኃ ሲሞቅ...» ብዬ ሳልጨርስ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ የጠመኔው ብናኝ ከሰሌዳው ጠርዝ ይረግፋል። እጄን ሰሌዳው ላይ እንዳሳረፍኩ እጠብቃለሁ። ጸጥ ሲል «የት ደርሰን ነበር?» እላለሁ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ሃያ ሦስት ነው፣ ቲቸር!» ይለኛል፤ ስለ ውኃው ሳይሆን ስለ ሚጉ። አንድ ቀን ቆጥሬ ከምሳ በፊት ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ አቋርጫለሁ። ቅሬታ ያሰማ ሰው ግን አላስታውስም። በ1969ኙ የሶማሊያ ወረራ ያን ሁሉ ጀብዱ የሠሩ አብራሪዎች ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ በጎረቤት ኩራት ላይ ማን ያጉረመርማል?

ያጉረመረመችው እናቴ ናት። ልትጠይቀኝ መጥታ ቡና ስታፈላ ሁለት ሚጎች ከጣሪያችን በላይ አለፉ። ጀበናው ከእጇ አመለጠ።

«በስመ አብ! መብረቅ ነው?»

«አይደለም እምዬ፣ የእኛው አውሮፕላን ነው።»

«የእኛ ከሆነ ምነው በእኛ ላይ ይጮኻል? ዓባይስ ሌት ተቀን ያው ነው፤ ይኼ ግን ሳይታሰብ ነው የሚመጣ።»

በማግሥቱ የታቀፈችው ዶሮዬ እንቁላል ሥር ዝገት የበላው ሚስማር ስታስቀምጥ አገኘኋት። እኛ አገር ለመብረቅ የሚደረግ ነው።

ሳቅሁባት። ዘግይቼ ሳነብ ግን ስለ ሚስማሩ ባይሆንም ስለ ድምፁ ልክ ነበረች። የድምፅ መጠን በዴሲቤል ይለካል፤ 10 በጨመረ ቁጥር ለጆሯችን እጥፍ ያህል ጮክ ይላል። የተዋጊ ጄት ጩኸት ምንጩ ከጅራቱ በከፍተኛ ፍጥነት የሚተፋው የጋለ ጋዝ ከቆመው አየር ጋር መላተሙ ነው። አብራሪው አፍተርበርነር ሲያበራ በጭስ ማውጫው ላይ ተጨማሪ ነዳጅ ይነድዳል፤ ሰማይ የሚቀደድ የሚመስለው ያኔ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተር ግን በትልቁ ማራገቢያው ቀዝቀዝና ዘገም ያለ ብዙ አየር ስለሚገፋ ለዘብ ይላል። በዚያ ላይ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ዝቅ ብሎ የሚበር ጄት ወደዚያ ፍጥነት ስለሚጠጋ፣ ድምፁ ቀድሞ ሳያስጠነቅቅ ከራሱ ከጄቱ ጋር ዱብ ይላል። ሰውነት ይደነግጣል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። የተኛ ሰው ባይነቃ እንኳ ልቡ ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊት የአውሮፕላን ድምፅ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል እንዳያልፍ የመከረው ለዚህ ነው።

ጆሮ ግን ዴሲቤል ብቻ አይደለም የሚቆጥረው፤ ትርጉምም ይቆጥራል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ከተማ ከሰማይ በደረሰ ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። ከዚያ ወዲህ ቡሬ ያለች የእህቴ ልጅ የሩቅ ሞተር ሳይክል እዝዝታ ስትሰማ እንኳ ድሮን መስሏት ቀና ትላለች። ድምፁ ከሹክሹክታ ብዙ አይበልጥም። እሷን ግን የእኔ ተማሪዎች በስሙ ይጠሩት ከነበረው ሚግ ይልቅ ይጎዳታል።

ከሁሉ ያሳሰበኝ የጀርመኗ ከተማ የሙኒክ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የድሮው አየር ማረፊያ ተዘግቶ አዲሱ ሲከፈት፣ ተመራማሪዎች በሁለቱም አካባቢ ያሉ ልጆችን አስቀድመው ፈትነው ነበር። በድሮው ዙሪያ የነበሩት ልጆች ንባብና የማስታወስ ችሎታ ተሻሻለ፤ በአዲሱ ዙሪያ ያሉት ደግሞ ቀነሰባቸው። ይህን ሳነብ አሥራ አንዱ መቋረጥ ትዝ አለኝ። የተማሪዎቼን ውጤት ማነስ በስንፍና ነበር የምተረጉመው።

አሁን ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ ላይ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል የተባለ አየር ማረፊያ ታቅዷል። የሚያርፍበት ተዋጊ ጄት አይደለም፤ ደግሞም ያስፈልገናል። በአገራችን የድምፅ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ ሠፈር ወሰኑ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የሚመለከታችሁን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ የመጀመሪያው አውሮፕላን ሳያርፍ በፊት በዙሪያው ባሉት ትምህርት ቤቶች ድምፁን ለኩ፣ ልጆቹንም ፈትኑ። ካረፈ በኋላ የሚለካ ነገር ማነጻጸሪያ አይኖረውም።