ቁልፉ ወደ ጣት ይምጣ

በላፕቶፕዎ ላይ ያሉትን ሦስት የፊደል ረድፎች ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ። ኤ በኪው ሥር በቀጥታ አልተቀመጠችም፤ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብላለች። ዜድ ደግሞ ከኤ ይበልጥ ሸሽታለች። ከላይኛው ረድፍ ወደ መካከለኛው ሲወረድ የአንድ ቁልፍ ሩብ፣ ከመካከለኛው ወደ ታችኛው ሲወረድ ግማሽ ያህል ይዛነፋል። ይህን መዛነፍ ለጣት አስቦ ያደረገው ሰው የለም። የሚልዋኪው ክሪስቶፈር ሾልስ እ.ኤ.አ. በ1868 ፓተንት ያገኘበት፣ የሬሚንግተን ፋብሪካም በ1874 ለገበያ ያቀረበው የጽሕፈት መኪና ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጋር የተያያዘ ዘንግ ነበረው። ዘንጎቹ ሳይነካኩ ጎን ለጎን እንዲያልፉ ቁልፎቹ አንዱ ከአንዱ ፈቀቅ ማለት ነበረባቸው። ዘንጉ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነው፤ መዛነፉ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አለ።

የቀኝ እጅ ይህን ችግር ያን ያህል አያውቀውም። ክንዱ ከቀኝ ወደ ግራ አጋድሎ ስለሚመጣ ረድፎቹ የሚያጋድሉበት አቅጣጫ ከጣቶቹ ጋር ይስማማል። ግራ እጅ ግን በተቃራኒው ነው፤ ጣቶቹ በተፈጥሯቸው ወደ ቀኝ ሊዘረጉ ሲፈልጉ ቁልፎቹ ወደ ግራ ይጠሯቸዋል። በዚህ ላይ ሁለቱ እጆች በአንድ ጠባብ ሰሌዳ ላይ ተጠጋግተው እንዲሠሩ ስለሚገደዱ የእጅ አንጓ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይታጠፋል። ክርንዎን ከጎንዎ ሳያርቁ ሁለቱንም መዳፎች በአንድ ደብተር ላይ አኑረው ቢመለከቱ መታጠፉን በዓይንዎ ያዩታል።

ትልቁ በደል ግን አውራ ጣት ላይ የተፈጸመው ነው እላለሁ። ከአምስቱ ጣቶች ጠንካራው እሱ ሆኖ ሳለ፣ በተለመደው ኪቦርድ ላይ ሁለቱ አውራ ጣቶች አንድ የክፍተት ቁልፍ ይጋራሉ። አብዛኛው ሰው የሚመታው በአንዱ ብቻ ስለሆነ ሌላው ሥራ ፈት ነው። በአንጻሩ ደካማዋ ትንሿ ጣት ሺፍትን፣ ኮንትሮልን፣ ታብን፣ ኢንተርንና ማጥፊያውን ትሸከማለች።

ለዚህ መፍትሔ የፈለጉ ሰዎች የትናንት ሰዎች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በብሪታንያ ሊሊያን ማልትና ስቲቨን ሆብዴይ ማልትሮን የተባለውን ኪቦርድ ሠሩ። ቁልፎቹ በሁለት ጎድጓዳ ስፍራዎች ተከፍለው የተቀመጡና ለአውራ ጣት ብዙ ቁልፍ የተሰጠበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካው ኪነሲስ ተመሳሳይ ቅርጽ ይዞ ወጣ። ሁለቱም ትልልቅ ነበሩ፤ ዋጋቸውም እንደዚያው። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ከነሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ነው፤ ግለሰቦች በገዛ ጠረጴዛቸው ነድፈው ንድፉን ለማንም በነጻ የለቀቁት ትንንሹ ኪቦርድ። እንደ ምሳሌ የምንይዘው ኮርን ይባላል። ጃፓናዊ ንድፍ ሲሆን ሁለት ግማሾችና በድምሩ 42 ቁልፎች አሉት። በእያንዳንዱ እጅ ሦስት ረድፍ በስድስት ዓምድ፣ ከታች ደግሞ ለአውራ ጣት ሦስት ቁልፎች። ሙሉው ኪቦርድ 104 ቁልፍ እንዳለው ያስታውሱ።

ስልሳ ሁለቱ የት ገቡ? ወደዚያ እንመለሳለን። መጀመሪያ እጅዎን እንለካ።

የሚያስፈልገው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው። በሚሠሩበት ወንበር ላይ ተቀምጠው መዳፍዎን ልክ እንደሚጽፉ አድርገው ወረቀቱ ላይ ያሳርፉ፤ ሌላ ሰው በእያንዳንዱ ጣት ጫፍ ሥር ነጥብ ያድርግልዎ። ይህ የማረፊያው ረድፍ ነው። ከዚያ መዳፍዎን ሳያንቀሳቅሱ ጣቶቹን አንድ በአንድ ወደ ፊት ዘርግተው ነጥብ፣ ወደ ኋላ አጥፈው ነጥብ ያስደርጉ። የየጣቱን ሦስት ነጥቦች በመስመር ሲያገናኙ ዓምዶችዎን ያገኛሉ። የመሃል ጣት ዓምድ ከሁሉም ከፍ ይላል፤ የጠቋሚና የቀለበት ጣት ዝቅ ይላሉ፤ የትንሿ ጣት ደግሞ በጣም ወደ ታች ይወርዳል። በሁለት ሰዎች እጅ ላይ የሚታየው ልዩነት ያስገርማል፤ ዝግጁ ንድፍ ለሁሉም የማይስማማውም በዚህ ምክንያት ነው። ኮርን ትንሿን ጣት በመጠኑ ብቻ ነው የሚያወርዳት፤ ኪሪያ የተባለው ሌላ ንድፍ ግን አብዝቶ ያወርዳታል። ትንሿ ጣትዎ አጭር ከሆነች ኪሪያን ተከትለው ቢነድፉ ይሻላል።

የአውራ ጣትን ነገር በችኮላ አይለፉት። ጣቱን ሳያስጨንቁ ከጎን ወደ ጎን ሲያወዛውዙት ወረቀቱ ላይ ቅስት ይሠራል። ቁልፎቹ የሚቀመጡት በዚያ ቅስት ላይ ነው። ብዙ ንድፎች የሚበላሹት ቁልፍ ለመጨመር ሲሉ አንዱን ወደ መዳፍ ሥር ስለሚያስገቡት ነው፤ እሱን ለመምታት አውራ ጣት በየጊዜው ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። ሦስት ቁልፍ በቂ ነው፤ ሁለትም ይበቃል።

የለኩትን በኮምፒውተር ላይ ሲያሰፍሩ ከአንዱ ቁልፍ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 19.05 ሚሊሜትር ይያዙ፤ የተለመደው ልክ እሱ ነው። ከቁልፉ ሥር ያለው ስዊች የሚገባበት ቀዳዳ ጎኑ 14 ሚሊሜትር የሆነ ካሬ ነው። ንድፉን በትክክለኛ መጠኑ ያትሙት። ፕሪንተሩ ገጹን ለማስማማት ብሎ እንዳያሳንሰው ይጠንቀቁ። ካርቶን ላይ ለጥፈው ለጥቂት ቀናት ጠረጴዛዎ ላይ ያኑሩትና በትርፍ ጊዜዎ ጣትዎን ያለማምዱበት። ካርቶን መቅደድ ገንዘብ አያስወጣም፤ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አዝዞ መጣል ግን ያስወጣል።

አሁን ወደ ስልሳ ሁለቱ ቁልፎች እንመለስ። አልጠፉም፤ ተደርበዋል። አንዱን የአውራ ጣት ቁልፍ ተጭነው ሲይዙ ፊደሎቹ የነበሩበት ቦታ ቁጥር ይሆናል፤ ሌላውን ሲይዙ ቀስቶችና ምልክቶች ይሆናሉ። እያንዳንዱ ድርብ ሌየር ይባላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ መዳፍ ከቦታው አይነሳም፣ የትኛውም ጣት ከማረፊያው ከአንድ ቁልፍ በላይ አይርቅም። ዋጋውም ግልጽ ነው፤ ከእጅ የተቀነሰው ድካም ወደ ትውስታ ይዛወራል። የሚቀነሰው እያንዳንዱ ቁልፍ በማስታወስ ይከፈላል። ስለዚህ ቁልፍ ባነሰ ቁጥር ንድፉ እንደተራቀቀ አድርገው ለሚናገሩ ብዙ ጆሮ አይስጡ። ፌሪስ የሚባለው 34 ቁልፍ ብቻ ያለው ንድፍ አለ፤ ውብ ነው። ለጀማሪ ግን 42 ይበልጥ ርኅራኄ አለው።

የአማርኛ ጸሐፊ ይህን ዋጋ ሲሰማ ሊደነግጥ አይገባም፤ ቀድሞውኑ ሲከፍለው ኖሯል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ በሠላሳ ምናምን ቁልፍ የምንጽፈው አናባቢውን ተነባቢው ላይ እያስከተልን ነው። እንዲያውም አማርኛ በዚህ ንድፍ ላይ የራሱ ጥያቄ አለው። በድምፅ ላይ በተመሠረቱት የአጻጻፍ ዘዴዎች ጠ የሚገኘው በሺፍትና በቲ፣ ጨ በሺፍትና በሲ፣ ጸ በሺፍትና በኤስ ነው። በብዙዎቹም ኃምስ ቤት ሺፍትና ኢ ይጠይቃል። «ጥርጣሬ» የሚለውን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሺፍት መጫን አለብን። በእንግሊዝኛ ሺፍት የአረፍተ ነገር መጀመሪያና የስም ጉዳይ ነው፤ በአማርኛ የቃሉ የውስጥ አካል ነው።

ስለዚህ ሺፍት የት ይቀመጥ የሚለው ለእኛ ዋና ጥያቄ ነው። በትንንሽ ኪቦርዶች ላይ እጅግ የተወደደ አንድ ዘዴ አለ፤ የማረፊያው ረድፍ ፊደላት ለአፍታ ሲነኩ ፊደል፣ ሲያዙ ደግሞ ሺፍት ወይም ኮንትሮል ይሆናሉ። መንካትን ከመያዝ የሚለየው የጊዜ ልክ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኪውኤምኬ የተባለው ነጻ ፈርምዌር፣ ማለትም ኪቦርዱ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ካልተነገረው በቀር 200 ሚሊሰከንድ ይቆጥራል። በየቃሉ ሺፍት የሚፈልግ ሰው በዚህ ሲሠራ ወይ ቆም ቆም ማለት አለበት፣ ወይ ጠ ሲፈልግ ተ ይወጣበታል። የኔ ምክር ሺፍት በአውራ ጣት ሥር ይሁን የሚል ነው፤ እሱም አንዴ ተነክቶ ሲለቀቅ ቀጥሎ የሚመጣውን አንድ ፊደል ብቻ የሚመለከት ዓይነት። ኪውኤምኬ ይህን ያውቃል።

የፊደላቱ ድርድርም መታየት አለበት። ኪቦርዱ ለኮምፒውተሩ የሚልከው የቁልፍ ኮድ ነው፤ ፊደሉን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የአማርኛ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ድርድሩን ኪቦርዱ ውስጥ ቢቀይሩት የአማርኛው ዘዴ ሳይነካ ይሠራል። «ነገር» የሚለውን ቃል በተለመደው ክወርቲ ሲጽፉ ኤን በቀኝ እጅ ይመታል፤ የቀሩት አራቱ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኢ፣ አር፣ በሙሉ በግራ። ኦገስት ድቮራክ እ.ኤ.አ. በ1936 ፓተንት ባገኘበት ድርድር ግን አምስቱ አናባቢዎች በግራ እጅ ማረፊያ ላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ተነባቢዎች ደግሞ በቀኝ። ያው «ነገር» ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እያለ ይፈሳል። ድቮራክ ያሰበው ለእንግሊዝኛ ነበር፤ ተነባቢና አናባቢ ለሚፈራረቁበት ለአማርኛ አጻጻፍ ግን ሳያውቀው ብዙ አመቻችቷል። ሁሉም ጥሩ አይደለም፤ ኬ፣ ኪውና ጄ በግራ እጅ ታችኛው ረድፍ ላይ ስለወደቁ ቆ፣ ጀ እና ኩ ሁለት ጊዜ በአንድ ጣት የሚመቱ ይሆናሉ። የራሱን ኪቦርድ የሚነድፍ ሰው ግን እነዚህን ወደሌላ ቦታ ከማዛወር የሚከለክለው የለም።

ስለ ስዊች በአጭሩ እላለሁ፤ ገበያው ራሱ ብዙ ያወራልና። በጀርመኑ ቼሪ ኤምኤክስ ልክ የተሠሩት 4 ሚሊሜትር ይወርዳሉ፤ 2 ሚሊሜትር አካባቢ ሲደርሱ ቁልፉ ይቆጠራል። ቀዩ ያለ ምንም እንቅፋት ይወርዳል፤ ቡናማው መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ አለው፤ ሰማያዊው ጠቅ ይላል። ከሌላ ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ ሰማያዊውን ይተዉት። ካይል ቾክ የተባለው ዝቅተኛ ስዊች 3 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚወርድና ቁልፎቹም በ18 በ17 ሚሊሜትር ሊቀራረቡ ስለሚችሉ፣ ኪቦርዱ ቀጭን እንዲሆን ለሚፈልግ ይመረጣል። የእጅ አንጓም በቀጭን ኪቦርድ ላይ ያን ያህል ወደ ላይ አይታጠፍም።

ከውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ከሚያስፈራራው ያነሰ ነው። በአንድ ግማሽ ላይ ላሉት 21 ቁልፎች 21 ሽቦ ኪቦርዱን ወደሚመራው ትንሽ ቺፕ፣ ወደ ማይክሮኮንትሮለሩ፣ አይሄድም፤ አራት ረድፍና ስድስት ዓምድ፣ በድምሩ አሥር ሽቦ ይበቃል። ማይክሮኮንትሮለሩ ዓምዶቹን በየተራ እየነካ በየትኛው ረድፍ ምላሽ እንዳገኘ ያያል፤ ይህን በፍጥነት ስለሚደጋግመው እጅ አይቀድመውም። አንድ እንከን አለው፤ የአራት ማዕዘን ሦስት ጫፎች ላይ ያሉ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ዞሮ ያልተነካው አራተኛ የተነካ ይመስላል። ለዚህ ነው በየቁልፉ አንድ ዳዮድ የሚበየደው፤ ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። በጫፉ ላይ ያለችው ጥቁር መስመር በሁሉም ላይ ወደ አንድ ወገን መዞሯን የብየዳ ካውያውን ከማሞቅዎ በፊት ያረጋግጡ።

ቦርዱን ኪካድ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይነድፉታል። ብልህ ነዳፊዎች አንዱ ቦርድ ተገልብጦ ለሌላውም እጅ እንዲሆን አድርገው ይሠሩታል፤ ቦርድ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት በታች ስለማይቀበሉ ከአንድ ትእዛዝ ሁለት ኪቦርድና አንድ ትርፍ ቦርድ ይወጣል። ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኘው ገመድ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ሶኬት ያለ ከሆነ፣ ኪቦርዱ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ሳለ ፈጽሞ አይንቀሉት፤ ሲወጣ ጫፎቹ ተነካክተው ማይክሮኮንትሮለሩን ሊያቃጥሉት ይችላሉ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እንዲህ ያለው ኪቦርድ መድኃኒት አይደለም። ጣቱ የሚደነዝዝ፣ ሌሊት የእጅ ሕመም የሚቀሰቅሰው ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ኪቦርድ የሚቀንሰው የማያስፈልግን መታጠፍና መንጠራራት ብቻ ነው።

ኪቦርዱ ሲያልቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የገዛ ስምዎን እንኳ ፈልገው ነው የሚጽፉት። አስቸኳይ ሥራ ባለበት ሳምንት አይጀምሩት፤ አሮጌውን ኪቦርድም ከጠረጴዛ አያንሱ። በየቀኑ ጥቂት እየጻፉ የተሳሳቱባቸውን ቁልፎች በማስታወሻ ይያዙ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚሳሳቱ ከሆነ ጣትዎን ከመውቀስ በፊት ቁልፉን ያዛውሩት፤ ለዚያ ካውያ አያስፈልግም፣ የፈርምዌሩን ፋይል አስተካክሎ እንደገና መጫን በቂ ነው። ከመቀየርዎ በፊት ግን የድሮውን ፋይል ቀን ጽፈው ያስቀምጡ።