የኤችአይቪ ክትባትና ረዳት ሴሎቹ

ሲዲ ፎር የሚለውን ስም የለመድነው ከኤችአይቪ ጋር ስለሆነ፣ እነዚህን ሴሎች የምናስባቸው እንደ ተጠቂ ብቻ ነው። ዋና ስራቸው ግን እርዳታ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ቢ ሴሎች ያለ እነሱ ድጋፍ እምብዛም አይጎለብቱም። ስለዚህ ክትባት ሲነደፍ የትኛው ረዳት ሴል፣ የት ቦታ፣ ለምን ያህል ጊዜ ይነቃ የሚለው ጥያቄ ከመነሻው መመለስ አለበት ባይ ነኝ።

እርዳታው የሚሰጠው ሊምፍ ኖድ ውስጥ ነው፤ ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው። እዚያ ቢ ሴሎች እየተባዙ ጂናቸውን ይለዋውጣሉ፤ ከክትባቱ ፕሮቲን የቻሉትን ያህል ይዘው፣ ቆራርጠው ለረዳት ሴል ያሳያሉ። ብዙ ይዞ የቀረበው የመኖርና የመባዛት ምልክት ያገኛል፤ ያልቻለው ይሞታል። ኤችአይቪ ሽፋኑን በስኳር ስለሚጋርድና ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ብዙ ዝርያዎቹን የሚመታ ፀረ እንግዳ አካል እንዲገኝ ይህ ዙር ደጋግሞ መሄድ አለበት። ቫይረሱ በደማቸው ካለ ሰዎች እንኳ ጥቂቶቹ ብቻ ከዓመታት በኋላ ያፈሩታል። ጊዜውን ማራዘም ግን ይቻላል፤ የመጀመሪያው ክትባት መጠኑ እየጨመረ በ12 ቀናት ተከፋፍሎ ለጦጣዎች ሲሰጥ፣ የሊምፍ ኖዱ ስራ ከ6 ወር በላይ ቀጥሏል። ስኳርን በረዳት ሴል ማሸነፍም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በየጤና ጣቢያው ለጨቅላዎች የሚሰጠው የሳንባ ምች ክትባት የባክቴሪያውን ስኳር ረዳት ሴል ከሚለየው ፕሮቲን ጋር አጣብቆ የተሰራ ነው።

ፕሮቲኑ ከየት ይምጣ የሚለው ያከራክራል። በአሜሪካ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ሙከራ፣ ከ36 ተከታቢዎች በ35ቱ የተፈለጉት ቢ ሴሎች ነቅተዋል። ረዳት ሴሎቹ ግን የለዩት የኤችአይቪውን ቁራጭ ብቻ ሳይሆን፣ እሱን ተሸክሞ የገባውን የባክቴሪያ ፕሮቲንም ነበር። ለመጀመሪያው መርፌ ይህ አይጎዳም፤ ቢ ሴሉ ሁለቱንም አብሮ ስለሚውጥ በየትኛውም በኩል ይረዳል። በቀጣዩ መርፌ ተሸካሚው ከተቀየረ ግን የሰለጠነው ረዳት ስራ ይፈታል።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ረዳት ሴሎችን ማንቃት ለቫይረሱ ማገዶ መጨመር አይሆንም ወይ? ስጋቱ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 በተቋረጠው ስቴፕ በተባለው ሙከራ፣ ክትባቱን የተሸከመው የጉንፋን ቫይረስ ቀድሞ ባገኛቸውና ባልተገረዙ ወንዶች ላይ፣ ከተከተቡት ወገን በኤችአይቪ የተያዙት በዝተው ታይተዋል። ይህ ግን ረዳት ሴሎችን እንድንሸሽ ሳይሆን ቦታቸውን እንድንመርጥ ያስገድደናል። በወሲብ የሚተላለፈው ቫይረስ መጀመሪያ የሚያገኛቸው በብልትና በፊንጢጣ ስስ ሽፋን ያሉትን ነው፤ ቢ ሴልን የሚያሰለጥኑት ደግሞ ሊምፍ ኖድ ውስጥ ናቸው። ሁለቱን በደም ምርመራ ብቻ መለየት ስለማይቻል፣ ክትባቱ ለሺዎች ከመሰጠቱ በፊት ከጥቂት ፈቃደኞች ከሊምፍ ኖድ በቀጭን መርፌ፣ ከስስ ሽፋኑም ናሙና ተወስዶ ሊታይ ይገባል።