የአባት ግቢ፦ ቦታው በነጻ፣ ቤቱ በስንት?

በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ተወልዶ ላደገ ወጣት ባለትዳር ከሁሉ የሚቀርበው የቤት መፍትሔ የወላጆቹ ግቢ ነው። ጨረታ የለበትም፣ ደላላ የለበትም፣ የቤት አከራይ ፊት የለበትም። ከእናትና አባት ቤት ጎን፣ ሰርቪሱ ባለበት ወይም ጎመን በተተከለበት ጥግ፣ አንድ ሳሎንና ሁለት መኝታ ቤት ማቆም ብቻ ነው። ሰውም “ቦታው እንደሆነ በነጻ ነው” ይላል። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ግን “ነጻ” የሚለውን ቃል ሲሰማ እርሳሱን ማንሳቱ አይቀርም።

ኮልፌ አካባቢ የምናውቀው አንድ ቤተሰብ በዚሁ ሥራ ላይ ይገኛል። አባት ጡረተኛ ሲሆኑ የይዞታ ካርታው በስማቸው ነው። ከአራት ልጆቻቸው ሁለተኛው የባንክ ሠራተኛ፣ ባለቤቱ ደግሞ ነርስ ናት። ባልና ሚስቱ ከኪራይ ለመገላገል ከዋናው ቤት በስተጀርባ ያሉትን ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች አፍርሰው 6 በ8 ሜትር የሆነ የብሎኬት ቤት ለመሥራት ተነሥተዋል። ችግሩ ክፍሎቹ ተከራይ የነበረባቸው መሆኑ ነው። ይባስ ብሎም ክፍሎቹ የተሠሩት ቤይሩት ለዓመታት ስትሠራ የቆየችው ታላቅ እህት በላከችው ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ ነው የ“ነጻ”ው ቦታ ዋጋ የሚወጣው። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ ክፍል በወር 4,000 ብር ያከራይ ነበር እንበል። ሁለቱ በወር 8,000፣ በዓመት 96,000 ብር ያስገባሉ ማለት ነው። ኪራይ ባይጨምር እንኳ በ10 ዓመት 960,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ከልጁ ኪስ አልወጣም፤ ከአባትና ከእናት የጡረታ መደጎሚያ ላይ ነው የወጣው። ማንም ግን በግንባታው ወጪ መዝገብ ላይ አልጻፈውም።

ወደ ዕቃው እንምጣ። 48 ካሬ ሜትር ለሆነ ቤት የውጭው ግድግዳ ዙሪያ 28 ሜትር ነው። የውስጥ ክፍልፋይ 10 ሜትር ቢጨመርና ከፍታው 3 ሜትር ቢሆን፣ የበርና የመስኮት ቦታ ሲቀነስ 100 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ ይቀራል። 40 በ20 ሳንቲ ፊት ያለው ብሎኬት በካሬ ሜትር 12 ተኩል ስለሚገባ 1,250 ያስፈልጋል፤ በጭነት የሚሰበረውን ሲያስቡ 1,300 ማዘዝ ነው። ሲሚንቶን በተመለከተ ግን ሒሳብ ብቻውን አይበቃም። በ2014 እና በ2015 ኩንታሉ ከ1,000 ብር በላይ ሲሸጥ ስንቱ ሰው መሠረት አውጥቶ ግድግዳውን ሳይጀምር እንደቀረ የምናስታውሰው ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃና መለዋወጫ ላይ የተመሠረተው ሁሉ፣ ብረቱም ቀለሙም፣ ዋጋው ተከትሎ ሄዷል። ስለዚህ በደመወዝ እየቆጠበ የሚሠራ ሰው በየወሩ ገንዘብ ሳይሆን ዕቃ ቢያጠራቅም ይሻለዋል ይባላል። ለብረት ይሠራል፤ ለሲሚንቶ ግን አይሠራም፣ ሰንብቶ ይደርቃልና።

የግቢ ግንባታ ብቻውን የሚያመጣቸው ወጪዎችም አሉ። ሲኖትራክ በጠባብ መንገድ ስለማይገባ አሸዋና ጠጠሩ በር ላይ ይገለበጥና በቀን ሠራተኛ ጀርባ ይገባል፤ ይህ ሁለተኛ የማጓጓዣ ሒሳብ ነው። አዲሱ ጣሪያ ውሃውን ወደ ወላጆች የጭቃ ግድግዳ ከጣለ ደግሞ በአንድ ክረምት ግድግዳው ይሸረሸራል። የአሸንዳ ብር መቆጠብ እዚህ ላይ አያዋጣም።

ሕጉስ? “የአባቴ መሬት” የምንለው በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የመንግሥት ሆኗል። ያኔ ለአንድ ቤተሰብ የተተወው አንድ መኖሪያ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር የሚደርስ ቦታ ነበር። ብዙዎቹ ነባር ግቢዎች የዛሬ መልካቸውን የያዙት በዚያን ጊዜ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን አጽንቷል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1179 ባለቦታው ሳይቃወም ቤት የሠራ ሰው የቤቱ ባለቤት ይሆናል ሲል፣ ባለቦታው ካሳ ከፍሎ ሊያስለቅቀው እንደሚችልም ይናገራል። አለመቃወም ደግሞ ከዓመታት በኋላ በምስክር የሚረጋገጥ ነገር ነው፤ ምስክሮቹም ወንድምና እህት ናቸው።

አባት ቦታውን ለልጃቸው በስጦታ ቢሰጡትስ የሚል ይኖራል። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ዝም ብሎ ውርስን ይጠብቃል። በውርስ ጊዜ ግን ልጆች እኩል ናቸው፤ ቤት የሠራውም ያልሠራውም። በአባት ስም ባለ ካርታ ላይ ባንክ ከልጁ ጋር ብቻ የብድር ውል እንደማይዋዋልም መታወስ አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን የሚስት ጉዳይ ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ ተሠርቶ የተገኘ ሀብት የጋራ ነው ይላል። ነገር ግን ደመወዟ የገባበት ግድግዳ የቆመው በአማቷ ይዞታ ላይ ነው። ነገ ክርክር ቢነሣ ምን ያህል እንዳወጣች የማስረዳቱ ሸክም በእሷ ላይ ይወድቃል።

የኮልፌው ቤተሰብ ግማሽ መንገድ ሄዷል። እህት በስልክ ባነሣችው ጥያቄ መሠረት የፈረሱት ሁለት ክፍሎች በግምት ዋጋ ወጥቶላቸው፣ ልጁ በየወሩ ለወላጆቹ የሚከፍለው ተቆርጧል። አባት ለግንባታው መስማማታቸውን፣ ወጪውም የልጃቸውና የምራታቸው መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ሰነዶች ማረጋገጫ ሊወስዱት ተቀጥሯል፤ ቀጠሮው ግን ሁለት ጊዜ ተላልፏል። እስከዚያው ምራቲቱ የብሎኬቱንና የሲሚንቶውን ደረሰኝ በራሷ ስም እያስቆረጠች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣለች። አማቷም አይተው ዝም ብለዋል።