ሰበብና ምክንያት
ልጅዎ «አገሮች ለምን ይዋጋሉ?» ብሎ ሲጠይቅ



ከሥራ ተመልሰው፣ ካፖርትዎን ሰቅለው፣ የምሽቱን ዜና ለመስማት ራዲዮኑን ሲከፍቱ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅዎ ከደብተሩ ቀና ብሎ «አገሮች ለምን ይዋጋሉ?» ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ብለው ይመልሱለታል? አብዛኞቻችን ከሁለት መልሶች አንዱን እንሰጣለን። አንደኛው «ገና ልጅ ነህ፤ ስታድግ ይገባሃል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ክፉ ሰዎች ስላሉ ነው» የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ ጥያቄውን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው፤ ልጅ ከወላጁ ያላገኘውን መልስ ከመንገድ ያገኘዋልና፤ ከመንገድ የሚገኘው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥላቻ የተቀላቀለበት ነው። ሁለተኛውም መልስ ጥቂት እውነት ቢኖርበትም አይበቃም። ክፉ ሰው በየዘመኑና በየአገሩ አለ፤ ጦርነት ግን በየዘመኑና በየአገሩ የለም። እንግዲህ ክፋት ብቻውን የማያስነሣው ከሆነ፣ ጦርነትን የሚያስነሣው ምንድር ነው? የዛሬው ንግግራችን ይህን ለልጅ በሚገባው ቋንቋ እንዴት ማስረዳት እንደሚቻል ያመለክታል።

በመጀመሪያ በጠብና በጦርነት መካከል ያለውን ልዩነት ይንገሩት። ሁለት ልጆች በትምህርት ቤት ግቢ ሲጣሉ ይተዋወቃሉ፤ ንዴታቸውም የዚያው ሰዓት ንዴት ነው። በጦር ግንባር የሚገናኙት ወታደሮች ግን ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም፤ አንዱ የሌላውን ስም እንኳ አያውቅም። የመጡት ስለ ተናደዱ ሳይሆን ስለ ታዘዙ ነው። ከትእዛዙም በፊት በጀት ተመድቧል፣ መንገድ ተጠርጓል፣ ስንቅ ተጭኗል፣ ደብዳቤ ተጽፎ ቁጥርና ማኅተም አርፎበታል። በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ጦርነት እንደ መብረቅ በድንገት የወረደ ቢመስልም ተመክሮበትና ተዘጋጅቶ የሚመጣ የመንግሥት ሥራ ነው። ይህ ለልጁ የመጀመሪያው ትምህርት ይሁን።

ሁለተኛው ትምህርት ሰበብንና ምክንያትን መለየት ነው። ለዚህም ከአያቶቻችን ተረት የተሻለ መምህር አይገኝም። ጅብ ከወንዙ በላይኛው በኩል፣ አህያ ከታችኛው በኩል ሆነው ውኃ ይጠጡ ነበር። ጅብም «ውኃውን ለምን ታደፈርሽብኛለሽ?» አላት። አህያይቱም ውኃ ሽቅብ እንደማይፈስ ዐውቃ «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው ይባላል። የውኃው መደፍረስ ሰበብ ነው፤ ምክንያቱ የጅቡ ረኃብ ነው። ሰበብ በአደባባይ ይነገራል፤ ምክንያት በልብ ይሰወራል። በተረቱ ውስጥ ያልተነገረ ሦስተኛ ነገር ደግሞ አለ፤ ይኸውም በወንዙ ዳር ከልካይ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ስለ ማንኛውም ጦርነት በሰማ ቁጥር ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ሰበቡ ምንድር ነው? ምክንያቱ ምንድር ነው? ከልካይስ ለምን ጠፋ?

አሁን ተረቱን በታሪክ እንመርምረው። ታሪኩም እንደ ተረቱ በውኃ ዳር ይጀምራል።

ወልወል በኦጋዴን የሚገኝ፣ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን የሚያጠጡባቸው ጉድጓዶች ያሉበት ስፍራ ነው። ስፍራው በኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ ሳለ የኢጣልያ የቅኝ ግዛት ጦር መጥቶ ሰፈረበት። የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የወሰን ኮሚሲዮን ከአጃቢ ወታደሮች ጋር ወደዚያ በደረሰ ጊዜ ሁለቱ ወገኖች ተፋጠጡ፤ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ተኩስ ተከፍቶ ከመቶ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። የኢጣልያ መንግሥት ግን ተበዳዩ እኔ ነኝ ብሎ ኢትዮጵያ ይቅርታ እንድትጠይቅ፣ ካሣ እንድትከፍልና ለባንዲራው ክብር እንድትሰጥ ጠየቀ። ኢትዮጵያም ሁለቱ አገሮች በ1920 ዓ.ም. በተፈራረሙት የወዳጅነት ውል መሠረት ጉዳዩ በገላጋይ ዳኞች እንዲታይ አመለከተች።

ዳኞቹም መርምረው ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ውሳኔያቸውን ሰጡ። በወልወል ለደረሰው ግጭት ከሁለቱ መንግሥታት አንዱም ተጠያቂ እንዳልሆነ አስታወቁ፤ ኢጣልያ ራሷ የመረጠቻቸው ዳኞች ጭምር በዚህ ተስማሙ። ሰበቡ በዚያ ቀን ሞተ። ጦርነቱ ግን አልቀረም፤ ልክ በወሩ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር ጦርነት ሳያውጅ የመረብን ወንዝ ተሻገረ። እዚህ ላይ ቆም ብለው ልጅዎን «የጦርነቱ ምክንያት ወልወል ቢሆን ኖሮ፣ የወልወል ነገር ከተፈረደ በኋላ ጦርነቱ ለምን መጣ?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

ምክንያቱ ሌላ ነበረ። ወረራውን በመጀመሪያ የመራው ደ ቦኖ ዝግጅቱ ከወልወል ግጭት በፊት እንደ ተጀመረ ኋላ በጻፈው መጽሐፍ ራሱ ገልጿል። ሙሶሊኒም ከግጭቱ ሃያ አምስት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ በምስጢር ባወጣው መመሪያ ዓላማው የኢትዮጵያን ጦር ደምስሶ አገሪቱን በሙሉ መያዝ መሆኑን ለሹማምንቱ አስታወቀ። በአደባባይ ይቅርታና ካሣ የሚጠይቀው መንግሥት በጓዳ የሚፈልገው አገሪቱን ነበር።

የዚህን ረኃብ ዓይነት ለልጅዎ በሦስት ከፍለው ሊያስረዱት ይችላሉ። የመጀመሪያው የጥቅም ረኃብ ነው፤ ኢጣልያ እንግሊዝና ፈረንሣይ ሰፊ ቅኝ ግዛት ይዘው የእኔ ድርሻ አነሰ ትል ነበርና፣ ሕዝቧን የምታሰፍርበት ለም መሬት ተመኘች። ሁለተኛው የክብር ረኃብ ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የደረሰባት ሽንፈት አርባ ዓመት ሙሉ አልወጣላትም ነበር። ሦስተኛው የሥልጣን ረኃብ ነው፤ በዚያን ጊዜ የዓለም ንግድ ተናግቶ፣ ሥራ ፈቱ በዝቶ ስለ ነበረ፣ የፋሽስቱ መንግሥት የሕዝቡን ዓይን ከጎደለው ገበታ ወደ ጦር ሜዳ ማዞር ይጠቅመው ነበር።

በኢጣልያ ጦርነት ላይ ብዙ የማይታይ፣ በሌሎች ጦርነቶች ግን የሚከፋ አራተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ፍርሃት ነው። በሰኔ 1906 ዓ.ም. የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ በሳራዬቮ ከተማ በተገደለ ጊዜ አንዱ መንግሥት ሌላው ይቀድመኛል ብሎ ሠራዊቱን አስከተተ፤ ያም ይህን አይቶ የራሱን አስከተተ። አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላ ከኤውሮጳ ታላላቅ መንግሥታት የሚበዙት በጦርነት ውስጥ ነበሩ።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንመለስ፤ ከልካይስ ለምን ጠፋ? ኢትዮጵያም ኢጣልያም የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባሎች ነበሩ። ማኅበሩም የተቋቋመው አንዱ አባል ሲጠቃ ሌሎቹ እንዲያግዙት ነበር። ነገር ግን እንግሊዝና ፈረንሣይ ሙሶሊኒን ብናስቀይም ወደ ሂትለር ይሄድብናል ብለው ፈሩ። የጦር መሣሪያ ለሁለቱም ወገን እንዳይሸጥ ሲደረግ፣ ፋብሪካ ያላት ኢጣልያ ሳትጎዳ ፋብሪካ የሌላት ኢትዮጵያ ባዶ እጇን ቀረች። በኢጣልያ ላይ የንግድ ማዕቀብ ሲጣልም ታንክና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ዘይት አልተከለከለም፤ ወታደር የሚያሻግረው የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው ስለ መርዝ ጋዙና ስለ ተጣሰው ቃል ኪዳን አቤት አሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ማኅበሩ ያንኑ ማዕቀብ አነሣ። ሦስት ዓመት ጥቂት ወራት ቆይቶ እሳቱ ዝም ባሉት ቤት ገባ።

ልጅዎ አስተዋይ ከሆነ እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ያነሣል። «እኛስ ሁልጊዜ አህያይቱ ነን?» ይልዎታል። ይህን ጥያቄ አይሽሹት። በእርሱ ላይ ዝም ካሉ እስካሁን የነገሩትን ሁሉ እንደ ውዳሴ ይቈጥረዋልና።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ የተነሣውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ይንገሩት። ሁለቱ ሕዝቦች በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በጋብቻ የተሳሰሩ ነበሩ። ሁለት ዓመት በተደረገው ውጊያ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች አለቁ። ከጦርነቱ በኋላ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት ሁለት ኮሚሲዮኖች ተቋቋሙ። የወሰን ኮሚሲዮኑ በ1994 ዓ.ም. ባድመን ለኤርትራ ፈረደ። የካሣ ኮሚሲዮኑ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ኤርትራ በግንቦት 1990 የጦር ኃይል መጠቀሟ ሕግን የጣሰ እንደ ነበረ ፈረደ። ከዚህ ልጁ አንድ ታላቅ ነገር ይማራል፤ መሬቱ የማን ነው? የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ኃይልን ማን ጀመረ? የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። በአንዱ እውነት ያለው ወገን በሌላው ሊሳሳት ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው። የወሰን ኮሚሲዮኑ የመረመራቸው ውሎች በ1892፣ በ1894 እና በ1900 ዓ.ም. የተፈረሙ ናቸው። ያ ሁሉ ሰው ከመውደቁ በፊት ወረቀቶቹ በመዝገብ ቤት ነበሩ። ፍርዱም ከተሰጠ በኋላ ሁለቱ መንግሥታት የጦርነቱ ሁኔታ ማብቃቱን በጋራ የተፈራረሙት ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ በእነዚህ ሃያ ዓመታት ውስጥ እናትና ልጅ ሳይተያዩ የቀሩበት ቤት ስንት ነው!

ይህም ማለት ጦርነት የማይቀር ዕዳ ነው ማለት አይደለም። ናይጄሪያና ካሜሩን ዓሣና ነዳጅ ዘይት ስላለበት ስለ ባካሲ ልሳነ ምድር ተጣልተው ወታደሮቻቸው ተታኩሰው ነበር። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1995 ዓ.ም. ለካሜሩን ፈረደ። በሕዝብ ብዛትና በጦር ኃይል የምትበልጠው ናይጄሪያ ነበረች፤ ቅር ያላቸውም ዜጎቿ ብዙዎች ነበሩ። ቢሆንም ከብዙ ድርድር በኋላ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ርክክቡን ፈጸመች። ስለዚህ ነገር በታሪክ መጽሐፍ ብዙ አይጻፍም፤ ያልተደረገ ጦርነት ጀግና የለውምና። ነገር ግን ባካሲ ላይ ሊሞቱ ይችሉ የነበሩ ወጣቶች ዛሬ የልጆች አባቶች ናቸው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ልጅዎ ሲጠይቅዎ በአጭሩ እንዲህ ይበሉት፤ «ልጄ፣ አገሮች የሚዋጉት የሚመሯቸው ሰዎች ጥቅምን፣ ክብርን ወይም ሥልጣንን ሲራቡ፣ ወይም ሲፈሩ፣ ደግሞም ከልካይ ሲያጡ ነው። ሰበብ ግን ሁልጊዜ ይገኛል። ስለዚህ ሰበብ ሲነገርህ ምክንያቱን ጠይቅ፤ የሌላውን አገር ብቻ ሳይሆን የራስህንም።»

ይህን ማስተማር አገርን ከመውደድ አያጎድልም። አገሩን የሚወድ ሰው ስትጠቃ ይከላከልላታል፤ ሳትጠቃ ደግሞ በልጆቿ ሕይወት እንዳይቀለድ ይጠይቅላታል። ዛሬ ደብተር ይዞ የሚጠይቅዎ ልጅ ነገ ወይ ብዕር ይዞ ፈራሚ፣ ወይ ጠመንጃ ይዞ ታዛዥ ይሆናል። ፈራሚ ቢሆን፣ ከመፈረሙ በፊት መዝገቡን አስወጥቶ ያነብ ዘንድ ከዛሬ ጀምሮ ያስለምዱት።