ድርቅ ሲረዝም ለባላገር ወሬ ስለ ማድረስ፤ በጎንደርና በሰሜን ደጋ

የወንዝ ሙላት በድንገት ሲመጣ አንድ ጩኸት ይበቃዋል፤ ድርቅ ግን እንደዚያ አይደለም። ቀስ በቀስ የሚጠጋ ጠላት ስለ ኾነ በመጀመሪያው ወር ሰው አያምነውም፤ በመጨረሻው ወር ደግሞ ማመን አይጠቅምም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው አንድ ቀን ነጋሪት አስመትቶ የሚያልፍ ሥራ ሳይኾን፣ ዝናብ ከቀረበት ጊዜ አንሥቶ አዲስ እህል እስኪደርስ ድረስ የሚቈይ ሥራ ነው።

አባቶች ክፉ ቀን ብለው የጠሩት ዘመን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቈየው ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ፤ በዚያው ዘመን በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ ድርቅና አንበጣም ተከተሉ። በሽታው ከብት በሚነዳበት መንገድ ይጓዝ ነበርና፣ ወሬው ቀድሞት ቢደርስ ጥቂቱን እንኳ ለይቶ ማትረፍ በተቻለ ነበር። (ይህ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የተነገረው በ2003 ዓ.ም. ነው።)

ነገር ግን ወሬ መኖሩ ብቻ አያድንም። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ከ5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ለረኃብ መጋለጡን ለውጭ መንግሥታት አስታውቆ ነበር፤ ዓለም የነቃው ግን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የረኃቡ ሥዕል በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። በመካከሉ ሰባት ወር ያህል ዐለፈ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በሰሜን ጎንደር፣ በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናብ ቀረ። በዚያው ወራት በክልሉ ውጊያ ተነሥቶ መንገድ ተዘጋ፤ የእጅ ስልክ ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በስልክ ብቻ መታመን እንደማይበቃ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ሹም በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን፣ በዓርብ በመስጊድ ሼሁን፣ በገበያ ቀን ደግሞ ድምፀ ጐላ ያለውን ሰው አስቀድሞ ያዘጋጅ።

ለጽሕፈት ቤት የሚጻፍ ቍጥርና ለባላገር የሚነገር ቃል ልዩ ልዩ ናቸው። ባላገሩ የሚፈልገው በሬውን ይሽጥ ወይስ ያቈይ፣ ዘሩን የት ያስቀምጥ የሚለውን ነው። ድርቅ በረዘመ ቍጥር የከብት ዋጋ ይወርዳል፤ የእህል ዋጋ ይወጣል፤ ስለዚህ ትርፍ ከብት ያለው ሰው ሥጋ ሳይለቅ እንዲሸጥ በጊዜው ይነገረው፤ ጥማድ በሬውንና ዘሩን ግን እስከ መጨረሻው እንዲጠብቅ። ገብስ ለሚዘራው ለደገኛና ማሽላ ለሚዘራው ለተከዜ ቈለኛ አንድ ቃል ማስነገር ስንፍና ነው።

ቃሉ በተነገረ ቍጥር የሚቀጥለው ቃል የሚነገርበት ቀን አብሮ ይቈረጥ፤ በዚያ ቀን አዲስ ነገር ባይኖርም «ነገሩ እንዳለ ነው» ተብሎ ይነገር፤ ዝምታን ሰው ደኅና ወሬ ያደርገዋልና። ዝናብ መጥቶ የተነገረውን ቢያፈርሰው፣ በዚያው ስፍራ በዚያው ሰው አፍ ይታረም። ሦስት ጊዜ ድርቅ ተብሎ የዘነበለት ሰው በአራተኛው ከብቱን አይሸጥም። መልእክተኛውም ሲመለስ የትኛው ምንጭ እንደ ደረቀ፣ የትኛው ቤተ ሰብ ከብቱን ይዞ እንደ ተሰደደ ጠይቆ ለወረዳው ያስታውቅ።