የጨረቃን ተራሮች የገለጠው የሥዕል ጥበብ

የሰማይ አካላት ምሥጢር ለሰው ልጅ የተገለጠው በስሌትና በመነጽር ብቻ ሳይሆን በሠዓሊም ብሩሽ ጭምር መሆኑን ከሚመሰክሩት ሥራዎች መካከል፣ ጣሊያናዊው ሊቅ ጋሊሌዎ ጋሊሌይ ከ1609 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር ማለቂያ ጀምሮ በቡናማ ቀለም የሣላቸው የጨረቃ ሥዕሎች ከፍ ያለ ስፍራ ይገባቸዋል።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ መምህራን ዘንድ ጸንቶ የኖረው የአርስጣጣሊስ ትምህርት፣ ምድር የለውጥና የጥፋት ስፍራ ስትሆን ከጨረቃ ጀምሮ ወደ ላይ ያሉት ብርሃናት ግን ነውር የሌለባቸውና ፍጹም ክብ ናቸው የሚል ነበር። እንግሊዛዊው ሊቅ ቶማስ ሃሪዮት ከጋሊሌዎ ጥቂት ወራት ቀድሞ ጨረቃን 6 ጊዜ አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ቢመለከትም፣ በወረቀቱ ላይ ያሰፈረው ብርሃኑን ከጨለማው የሚለይ ወጣ ገባ መስመርና ጥቂት ጥቁረት ብቻ ነበር።

የጋሊሌዎ መነጽር 20 ጊዜ ያህል የሚያጎላ በመሆኑ ብልጫ እንደ ነበረው አይካድም፤ ነገር ግን ጋሊሌዎ ሥነ ሥዕል በከበረባት በፍሎሬንስ ያደገ፣ ከሠዓልያን ጋር የተወዳጀ፣ ብርሃን በጎበጠና በጎደጎደ ነገር ላይ ሲያርፍ ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ ጠንቅቆ የተማረ ሰው ነበር። ስለዚህ በጨረቃ ገጽ ላይ ያሉት ክብ ምልክቶች ወደ ፀሐይ በሚቀርበው ጠርዛቸው ጠቁረው በማዶው ጠርዛቸው ሲያበሩ ባየ ጊዜ፣ ጥቁረቱ ጥላ፣ ክቡም ጉድጓድ መሆኑን አስተዋለ፤ ቀለሙንም በውኃ እያቀጠነና እያወፈረ፣ ነጩን ወረቀት ስለ ብርሃን እየተወ፣ ያስተዋለውን ሣለ።

ከዚህም አልፎ፣ በጨለማው ወገን ከብርሃኑ ድንበር ርቀው የሚያበሩት ነጥቦች ፀሐይ ቀድማ የምትደርስባቸው የተራራ ራሶች መሆናቸውን ተረድቶ፣ ርቀታቸው የጨረቃን ወርድ 20ኛ እጅ ማለት 100 ማይል ያህል እንደሚሆን በመገመት፣ በፒታጎራስ ሕግ ቢያሰላው የተራሮቹ ቁመት ከ4 ማይል የሚበልጥ ሆኖ አገኘው። ሥዕሎቹም በመዳብ ላይ ተቀርጸው፣ በማርች 1610 በቬኒስ በ550 ቅጂ በታተመው «የከዋክብት መልእክተኛ» በተሰኘው መጽሐፉ ወጡ። ሃሪዮትም መጽሐፉ ከታተመ በኋላ በዚያው ዓመት በሣለው ሥዕል ጉድጓዶቹን አሳየ።

ሥነ ጥበብም በበኩሏ ከሥነ ፈለክ ተቀብላለች፤ የጋሊሌዎ ወዳጅ የነበረው ሠዓሊ ሉዶቪኮ ቺጎሊ በ1612 በሮማ በሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን፣ በጳውሎሳዊው ጸሎት ቤት ጉልላት ውስጥ እመቤታችንን ሲሥል፣ በራእየ ዮሐንስ እንደ ተጻፈው ከእግሯ በታች ያደረጋትን ጨረቃ እንደ ቀድሞው ልማድ ልሙጥ አላደረጋትም፤ መነጽር እንዳሳየው ጉድጓድ ያለባት አድርጎ ሣላት። ጋሊሌዎም በ1613 የፍሎሬንስ የሥዕል ጉባኤ አባል ሆኖ ተቆጠረ።

እንግዲህ መነጽር ብርሃንን ወደ ዓይን ቢያቀርብም፣ የቀረበውን ለይቶ የሚያውቀው የሠለጠነ ዓይን ነውና፣ ወጣቶችን በሳይንስ ትምህርት የሚያንጹ መምህራን ከሒሳቡ ጋር የሥዕልን ትምህርት እንደ መዝናኛ ሳይሆን እንደ ምርምር መሣሪያ አድርገው ሊያስተምሩ ይገባቸዋል።