ሕግን ማወቅና ልቡናን ማወቅ

በ1990ዎቹ ዓመታተ ምሕረት አጋማሽ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሙከራ በቦሌ ገርጂ ሲጀመር፣ ቀድሞ የማይተዋወቁ ቤተሰቦች በአንድ ደረጃ መውጣትና መውረድ ጀመሩ፤ የጎረቤትን ልጅ እንደ አብራክ ክፋይ የመገሠጽ ልማድ ግን ከዕቃ ጋር ተጭኖ የሚመጣ ነገር አይደለምና፣ በአዲስ ሰፈር እንደገና መተከል አለበት።

ተግሣጽ ፍሬ እንዲያፈራ ደግሞ የልጁን ልቡና ማወቅ ያሻል። የ14 ዓመት ልጅ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ የመንገደኛ ስልክ ቢነጥቅ፣ ስርቆት ኃጢአት መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ «አትስረቅ» የሚለውን ትእዛዝ በቃሉ ያውቀዋል። የጎደለው ሌላ ነው። የስዊሱ ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከእርሱም በኋላ አሜሪካዊው ሎውረንስ ኮልበርግ እንዳስረዱት፣ የልጅ ፍርድ በደረጃ ያድጋል፤ በኮልበርግ አከፋፈል መጀመሪያ ቅጣትን ይፈራል፣ ቀጥሎ ጥቅሙን ያሰላል፣ ከዚያ በወዳጆቹ ዘንድ መልካም መባልን ይሻል፣ ሲበስልም ለፍትሕ ሲል ይታዘዛል። በጥፋት መንገድ የገቡ ወጣቶች በአማካይ በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ዘግይተው እንደሚገኙ ጥናቶች ያሳያሉ፤ እንዲህ ያለው ልጅ የሚጠይቀው «እያዝ ይሆን?» ብሎ እንጂ «ባለ ስልኩ ምን ይሰማው ይሆን?» ብሎ አይደለም።

በዚህ ላይ የገዛ ስሜቱን ለይቶ አለማወቅ ይጨመራል። በጓደኞቹ ፊት ያፈረ ልጅ እፍረቱን እንደ ቁጣ ሊቆጥረው፣ ፍርሃቱንም በድፍረት ሊሸፍነው ይችላል፤ ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍልም ብስለቱ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ይዘልቃል።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕጋችን ይህን ዕድሜ ለይቶ ያየዋል፤ 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በወንጀል አይጠይቅም፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውንም እንደ ዐዋቂ አይቀጣም፣ ዳኛውም ከውሳኔ በፊት ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና ኑሮ ወላጆቹንና መምህራኑን እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ሕጉ ይህን ያህል የሚጠይቅ ከሆነ፣ ወላጅ፣ መምህርና የነፍስ አባት አስቀድመው መጠየቅ እንዴት ያቅታቸዋል?

ስለዚህ የገርጂ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲያጠፋ ተግሣጹን አታስቀሩበት፤ ነገር ግን ከተግሣጹ በፊት «ያን ጊዜ ምን ተሰማህ? የበደልኸውስ ሰው ምን ተሰማው?» ብላችሁ ጠይቁት፣ መልሱንም እስኪጨርስ በትዕግሥት ስሙት።